ያለ ክር

ጥቅምት 9

ታናሼ፣

«እንደምን ነሽ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ሳንባሽን ካንቺ ይልቅ ሐኪሞቹ ያውቁታል፣ መልሱን እነሱን ብጠይቅ ይሻለኛል። ስለዚህ ሰላምታዬን ዘልዬ በቀጥታ ወደምትፈልጊው ሰውዬ ልሂድ።

ሰውዬው ደህና ናቸው። እንደ ሸምጋይ ግንባራቸውን አጨማደው ስለሚያዩኝ «ጋሼ» የሚል ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ባልሽም ተቀብሎታል። ጠዋት ፀጉር ቤቱን ሊከፍት ሲወጣ «ጋሼ ተነሡ?» ብሎ ይጠይቃል። ይሄ ሰው ቀኑን ሙሉ ምላጭ የሰው ጉሮሮ ላይ ሲያንሸራትት ይውላል፣ ልጁን ያዝልኝ ስለው ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ጭንቅላታቸውን ደግፍ ብዬ እስካስተምረው ድረስ እኔም ላብ በላብ ሆንኩ።

ለጠየቅሽኝ ነገር፣ አዎ፣ ጡት ይፈልጋሉ። ጉንጫቸውን በጣቴ ስነካው አፋቸውን ከፍተው ወደ ጣቴ ይዞራሉ። ጡጦውን ለምደውታል፣ ከመጥባታቸው በፊት ግን እንደ ተታለለ ሰው አንዴ ያዩኛል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አሁን አጥርተው የሚያዩት ቅርብ ቅርቡን ብቻ ነው አለችኝ፣ ከጡት እስከ እናት ፊት ያለችውን ያህል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው አለች። ይህን ላልነግርሽ ነበር፣ ግን «ምንም እንዳትደብቂኝ» ብለሽ አስምለሽኛል።

ካልደበቅኩሽ አይቀር፣ ጉድ ሠርቼልሻለሁ። ሆስፒታል ስትገቢ «ሽታዬ እንዳይጠፋበት» ብለሽ ከአልጋው ላይ የተውሽለትን ሻሽሽን አጠብኩት። ምን ልበልሽ! ጋሼ ወተት አቀረሹበት፣ እጄም ሳያማክረኝ በረኪና ውስጥ ነከረው። ዕድሜውን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ሲያጥብ የኖረ እጅ ሌላ ምን ያውቃል? ትዝ ያለኝ ካውያውን ካነሣሁ በኋላ ነው። አሸተትኩት፣ ሆቴል ክፍል ይሸታል። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ይቅር በይኝ። ደግሞ ተቆጪኝ፣ እንዳትችይው።

እህትሽ


ጥቅምት 26

እታለም፣

ተቆጥቻለሁ። ደብዳቤሽን ትራሴ ሥር ወሽቄ፣ ለራት ሲጠሩኝ አልነሣም አልኩ። በማግስቱ ደግሜ ሳነበው «ሆቴል ክፍል ይሸታል» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። ሳቁ ሳል አመጣ፣ ሳሉ ነርሷን አመጣ። «ምን አሳቀሽ?» ብትለኝ «እህቴ በበረኪና አጠበችኝ» አልኳት። ሙቀቴን ለካችኝ።

እዚህ ጠዋት ጠዋት አልጋችንን እየገፉ በረንዳው ላይ ያሰልፉናል፣ አየር እንድናገኝ። ልክ እንደ ተሰጣ ልብስ ነን፣ ብታዪን ደስ ይልሽ ነበር። እንዳየሽው ልጅ ማስገባት ክልክል ነው፣ ትልቅ ሰውም ቢሆን ከመስኮት ወዲያ ቆሞ ነው የሚያነጋግረን። የአልጋ ጎረቤቴ ጸሐፊ ናት፣ የወለደችም ናት። «አይዞሽ፣ በዚህ ዕድሜ ልጅ አይናፍቅም፤ ከዓይኑ የራቀ ነገር ለእሱ የለም» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ «እንግዲያው እኔ የለሁም» ስል ዋልኩ።

ወተቴም ሊደርቅ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን በየሰዓቱ ይሞላ ነበር፣ እሱ እዚያ ሲርበው እዚህ እኔን የሚነግረኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ዝም ብሏል። ይህን ለባሌ እንዳትነግሪው።

ሻሹን ሳስብ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እርጉዝ ሆኜ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ነበር አይደል? የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ሆዴ ውስጥ ይረጋጋል፣ ሳቆም ይራገጣል። ባሌን ጠይቂው፣ እጁን ሆዴ ላይ አድርጎ ይስቅ ነበር። ያን ድምፅ ከኔ ድምፅ እኩል ሰምቶታል። እታለም፣ ሲያለቅስ መኪናዬ ላይ ተቀመጪና ርገጪ። ክር አታስገቢ፣ ጨርቅም አያስፈልግም፣ ዝም ብለሽ ርገጪ። ቶሎ ቶሎ ሳይሆን ረዘም አድርገሽ፣ ጥግ ሲደርስ ቆም፣ ከዚያ ደግሞ ረዘም።

አደራ፣ መኪናውን እንዳታጥቢው።

ታናሽሽ


ኅዳር 14

ታናሼ፣

ሠራልሽ! ከሰላምታው በፊት ይህን ልንገርሽ።

ማምሻውን ጋሼ የሚያለቅሱባት ሰዓት አለቻቸው። እግራቸውን ወደ ሆዳቸው ይሰበስቡና ፊታቸው ቲማቲም እስኪመስል ይጮኻሉ። ጎረቤት «ሆዱን ነው» ይላል። ባልሽ «ፀጉሩ ከብዶት ይሆናል» ይላል፣ ሌላ ሙያ የለውማ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ቅርጫታቸውን አጠገቤ አድርጌ መኪናሽ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እንደ ሆቴሉ ማጠቢያ ማሽን አጣደፍኩት፣ ጋሼም ባሰባቸው። ቆይ ብዬ ረዘም አደረግኩት። ጥግ እንደምትዞር ሰው ቆም አልኩ፣ ደግሞ ቀጠልኩ።

ዝም አሉ። የጨበጡት እጃቸው ተፈታ። ዓይናቸውን ፍጥጥ አድርገው፣ ከሩቅ የጠራቸው ሰው ያለ ይመስል፣ እስትንፋሳቸውን ውጠው አዳመጡ። ታናሼ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም። ባልሽ በሩ ላይ ቆሞ ያን የሚያህል ሰውዬ እንባው ወረደ። እንዳልነገርኩሽ ሁኚ።

ከዚያ ወዲህ ማምሻ ማምሻውን ሰፊ ሆኛለሁ። የመኪናውን ድምፅ የሰሙ ደንበኞችሽ «መጣች እንዴ?» እያሉ በሩን ያንኳኳሉ። አንዷ ቀሚሷን ይዛ መጥታ «ታዲያ ማታ ማታ ምንድን ነው የምትሰፊው?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ያለ ክር ነው የምሰፋው» አልኳት። በእህቷ ሐሳብ ታመመች ብላ ሳታስወራብኝ አትቀርም።

ደግሞ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፣ ስቀዋል። በእንቅልፍ ልባቸው እንደሚያደርጉት አይደለም፣ ዓይናቸው ጭምር ነው የሳቀው። ጠዋት ነፋስ መጋረጃውን ሲያወዛውዘው ለመጋረጃው ሳቁ። መጋረጃውን የሰፋሽው አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ ላንቺ እንደ ሳቁ ቁጠሪው።

እህትሽ


ታኅሣሥ 3

እታለም፣

ልጅ ለመጋረጃ አይስቅም።

ጸሐፊዋን ጠይቄያት ነው። ልጅ መጀመሪያ የሚስቀው ለሰው ፊት ነው አለችኝ፣ ጎንበስ ብሎ ለሚያነጋግረው ፊት። ሽንት ጨርቁን ስትቀይሪለት ወይ ስታጥቢው «ጋሼ፣ ጋሼ» እያልሽ ስትቀልጂበት ላንቺ ነው የሳቀው። መጋረጃውን የጠራሽው እኔን እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው። አውቅሻለሁ፣ ልጅ ሆነንም የሰበርኩትን ብርጭቆ ነፋስ ሰበረው ትዪልኝ ነበር።

አልዋሽሽም፣ ቀናሁብሽ። ካንቺ ጋር በልቤ ስጣላ ዋልኩ። ከዚያ ደግሞ የሚስቅለት ፊት ባይኖረውስ ብዬ አሰብኩ። ጣራ ጣራውን እያየ ቢያድግስ? እዚህ ጥግ ያለች አንዲት ልጅ እግር ልጇን ማን ጋ እንደተወችው ስንጠይቃት አትመልስልንም። እሷን ሳይ ቅናቴ አሳፈረኝ።

ሁለተኛ ላንቺ ሲስቅ «ለኔ ሳቀ» በይኝ። በመጋረጃ አታስቀኚኝ። ደግሞ ሲስቅ አፉ በየት በኩል እንደሚዘነበል ጻፊልኝ፤ የኛ ቤት ሳቅ ወደ ግራ ነው።

ታናሽሽ


ጥር 20

ታናሼ፣

እሺ፣ ለኔ ነው የሳቁት። ወደ ግራ። እስካሁን ዝም ያልኩት ይህን መጻፍ አቅቶኝ ነው እንጂ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

አሁን እንደ ድሮው ፈገግ ማለት ብቻ አይደለም፣ በድምፅ ነው የሚስቁት። ባልሽ ሲያስነጥሰው ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። እሱም ልጁን ለማሳቅ ብሎ ሳያስነጥሰው እያስነጠሰ ጉሮሮውን ሊያቆስል ደርሷል። ጋሼ እጃቸውንም አግኝተዋል። ፊታቸው ፊት ዘርግተው፣ የጠፋባቸው ዕቃ የተገኘ ይመስል፣ እያገላበጡ ሲያዩት ይውላሉ። አይተው ሲጨርሱ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል። አፋቸው የማይገባ ነገር የለም፣ የኔ አገጭ ጭምር። አንገታቸው ጠንክሯል፣ በሆዳቸው ሳስተኛቸው እንደ ኤሊ ቀና ይላሉ። ባለፈው ደግሞ ምንጣፉ ላይ በጀርባቸው አስተኝቻቸው ዞር ስል በሆዳቸው ተገኙ። ማን እንደ ገለበጣቸው ገርሟቸው ዙሪያቸውን ያያሉ።

አሁን ቅርጫቱ ስለጠበባቸው ማምሻውን ከመኪናው ሥር ምንጣፍ አነጥፍላቸዋለሁ። መርገጫው ላይ ከፍ ዝቅ የሚለውን እግሬን እያዩ ያወሩታል። ከፊቴ ይልቅ እግሬን ሳይወዱት አልቀሩም።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። ባልሽ ካንቺ ዘንድ ሲመለስ ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «እንዴት ናት?» ብለው «ደህና ናት» አለ። «መቼ ትመጣለች?» ብለው ምላጩን መሳል ጀመረ። በመስኮት ያየውን ነገር ለኔ አልነገረኝም። እኔ የመጋረጃውን ውሸት አምኜልሻለሁ፣ አንቺስ?

እህትሽ


የካቲት 9

እታለም፣

በየካቲት ትወጫለሽ ብለውኝ ነበር። ፎቶው ሲነሣ ሳንባዬ ላይ ያለው አልጠራም፣ እስከ ሚያዝያ ማለቂያ አሉ። ባሌ እንዳይነግርሽ ያስማልኩት እኔ ነኝ። «እቆያለሁ» እንደምትዪ ስለማውቅ ነው፤ ሆቴሉ «ነዪ፣ አለዚያ ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን» ብሎ እንደጻፈልሽ እሱ ነግሮኛል። አንቺም ደብቀሽኛልና ተካክለናል።

ሂጂ ብልሽ እንደማትሄጂ አውቃለሁ። አትሂጂ። ይህን ለማለት ስንት ቀን ፈጀብኝ መሰለሽ፣ ግን አትሂጂብኝ።

እዚህ የአልጋዬ እግርጌ ብረት አለው። ስተኛ እግሬን እሱ ላይ አድርጌ እረግጣለሁ። ረዘም፣ ቆም፣ ረዘም። ጸሐፊዋ «ምን እየሰፋሽ ነው?» አለችኝ። «ሱሪ፣ ለጋሼ» አልኳት። ልኩን ግን አላውቀውም እታለም። ስተወው እንደ ክንዴ ነበር፣ አሁን እጄን ዘርግቼ ይህን ያህል ይሆን፣ ያን ያህል ይሆን እላለሁ። ሰፊ ሆኜ የልጄን ልክ አላውቅም። ከሁሉም ከሁሉም ይሄ ነው ያቃጠለኝ።

በክር ለክተሽ ላኪልኝ። ከአንገቱ እስከ ተረከዙ።

ታናሽሽ


ሚያዝያ 17

ታናሼ፣

ልትወጪ መሆኑን ባልሽ ሲነግረኝ ጋሼን ታቅፌ ጨፈርኩ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ፀጉሬን ያዙ። እስካሁን የያዙት ቦታ ያመኛል።

የላክሁልሽ ክር አሁን አጭር ነው፣ በሱ እንዳትሰፊ። መቀመጥ ችለዋል፣ እንደ ዳኛ ግጥም ብለው። በሆዳቸውም መሳብ ጀምረዋል፣ ወደፊት ሊሄዱ ይነሡና ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ማንኪያ ይጥላሉ፣ አነሣላቸዋለሁ፣ ይጥላሉ። ባለፈው ማንኪያውን በፎጣ ሸፈንኩባቸው። ድሮ ቢሆን ተረስቶ ይቀር ነበር። አሁን ፎጣውን ገልጠው አወጡት። ለጸሐፊዋ ንገሪልኝ፤ ከዓይን የራቀ ሁሉ የለም ማለት አብቅቷል።

ጠይቀሽኝ እስካሁን ያልመለስኩልሽ አንድ ነገር አለ። አዎ፣ «ማማማ» ይላል። ለጫማም ይላል፣ ለመብራትም ይላል። ለኔም ይላል። ለኔ ሲል ፊቴን አዞራለሁ። «እሷ አይደለሁም የኔ ጌታ፣ እሷ እየመጣች ነው» እለዋለሁ። እኔ ልጅ አልወለድኩም፣ ይህን ቃል ማንም ብሎኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ግን ዞር ሳልል ቀርቻለሁ። ቢከፋሽም እወቂው።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ስሚኝ። ሰው መለየት ጀምሯል፣ አዲስ ፊት ያስፈራዋል። ባልሽ ባለፈው ሳምንት ላንቺ መምጫ ልመር ብሎ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጨ። ጋሼ አይተውት ቤቱን በጩኸት አናወጡት። የገዛ አባታቸውን! ሰውዬው እስካሁን በሻርፕ አፉን ሸፍኖ ነው የሚያቅፋቸው። ስለዚህ ከበሩ ገብተሽ እንዳትነጥቂው። ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። ሲያለቅስብሽ አታልቅሺ። ነርሷ «ይህ ጥሩ ምልክት ነው፣ የራሱን ሰዎች ማወቁ ነው» ትላለች። ላንቺ ጥሩ እንዳልሆነ ግን እኔም አውቃለሁ።

በመጣሽ ማግስት በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። ሆቴሉ እስከዚያ ብቻ ነው የታገሠኝ። ደግሞም እኔ እዚህ እያለሁ ወዳንቺ አይመጣም።

እህትሽ


ግንቦት 23

እታለም፣

ደህና መግባትሽን፣ የላውንደሪው ኃላፊም እንዳልተቆጣሽ አንብቤ ደስ አለኝ። የኔን ደግሞ ቶሎ ባለመጻፌ ይቅር በይኝ፣ የምጽፈው ነገር እስኪኖረኝ እየጠበቅኩ ነበር።

የመጣሁ ዕለት የሆነውን አይተሻል። አንገትሽ ሥር ተሸጉጦ እኔን እያየ ሲጮህ አላለቀስኩም፣ እንዳዘዝሽኝ። በማግስቱ ሲነቃ አንቺን አጣሽ። እታለም፣ በየጥጉ ፈለገሽ። አባቱ ይዞት ሲዞር ዋለ። እኔ ጠጋ ስል ይብስበታል፣ ገለል ስል ለኔ ይብስብኛል። ያን ጊዜ ግን አለቀስኩ፣ ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት እየላጥኩ።

ማምሻውን መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ደክሟል፣ መርገጫው ከበደኝ። ክር አላስገባሁም። ረዘም፣ ቆም፣ ረዘም። ወዲያው ዝም አለ። አወቀኝ አልኩ። እሱ ግን እኔን አላየም። በሩን ነው ያየው። በሩን አይቶ «ማማማ» አለ።

ገባኝ። ያ ድምፅ ያንቺ ሆኗል። ትቼለት የሄድኩትን ድምፅ አንቺ ስንት ወር ረግጠሽ የራስሽ አደረግሽው። የዚያን ዕለት ምን እንደተሰማኝ አልጽፍልሽም። መርገጤን ግን አላቆምኩም፤ ካቆምኩ ያለቅሳል።

በማግስቱም ረገጥኩ። ምንጣፉ ላይ ሆኖ እግሬን ሲያይ ቆየና እየተሳበ መጣ፣ ወደፊት መሄዱን ተምሮታል። መዳፉን እግሬ ላይ አደረገ። ትንሽ፣ ሙቅ፣ ምራቅ የነካው መዳፍ። ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና ተመለሰ። በሚቀጥለው ቀን ጉልበቴ ላይ ደረሰ፣ አየኝ፣ ተመለሰ። እኔ ዝቅ ብዬ አላየሁትም፣ ጥግ የምሰፋ መስዬ ቆም እላለሁ፣ እቀጥላለሁ። ትናንት ቀሚሴን ይዞ ተነሣ። በሁለት እግሩ እታለም! እየተወዛወዘ ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። አነሣሁት። አንገቴን አሸተተ፣ ጆሮዬን ያዘ፣ ትከሻዬ ላይ ጭንቅላቱን አጋደመ። ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ ተዋወቀኝ ብል ይሻላል። ከባድ ነው! ስተወው እንደ ክንዴ ነበር፣ ልኩን አሁን በእጄ አውቄዋለሁ፣ ሱሪውም ተቆርጧል።

ለጠየቅሽኝ ነገር ደግሞ አላባብልሽም፣ በመጋረጃ አልደብቅሽም። አዎ፣ ይፈልግሻል። መኪናውን ባቆምኩ ቁጥር እየተሳበ በሩ ኋላ ይሄዳል፣ ሽርጥሽን ትሰቅዪበት የነበረው ቦታ። እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ወደ ላይ ያያል። አሁን ከዓይኑ የራቀ ሁሉ እንዳለ ያውቃል፣ የት እንደሆነ ነው የማያውቀው። ላንቺ ደስ ይበልሽ ብዬ የፈጠርኩት አይደለም፣ አላምንሽም ካልሽ ባሌን ጠይቂው፣ እሱ አሁንም መስታወት ፊት ሲቆም ስለ ጺሙ ያለቅሳል።

ለዚህ ነው አንድ ነገር የምለምንሽ። ሥራ ላይ የምታስሪውን ሻሽ፣ ቀኑን ሙሉ አስረሽው የዋልሽውን፣ ማምሻውን ፍቺና ወዲያው በፌስታል ጠቅልለሽ በፖስታ ላኪልኝ። ትራሱ ላይ አደርግለታለሁ።

እታለም፣ በልጄ ይዤሻለሁ፣ ሳታጥቢው።

ታናሽሽ